አዳማ ላይ ደም ለመስጠት፦ ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀምራል

ደም ሲሰጥ የሚያዞረው ሰው ብዙ ጊዜ መርፌው ከብዶት አይደለም፤ ሳይበላ፣ ውኃ ሳይጠጣ ወይም ሳይተኛ መጥቶ ነው። በአዳማ ሙቀት ላብ ብቻውን ፈሳሽ ይጨርሳል። ፈሳሽ ያነሰው ሰው ደም ሥሩ ስለሚሟሽሽ ለመርፌም አይመችም።

ስለዚህ ከዋዜማው ጀምረው ውኃ ያብዙ፤ ከመሄድዎ በፊትም ግማሽ ሊትር ያህል ይጠጡ። ቁርስ በልተው ይሂዱ። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ሌላ ቀን ይምረጡ። ጫትና መጠጥ ከዋዜማው ይቅሩ፤ ጫት እንቅልፍ ከመንሳቱም በላይ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ግፊትዎ ከፍ ካለ ደግሞ ይመልሱዎታል።

ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትዎ ቢያንስ 45 ኪሎ መሆን አለበት፤ ከዚህ በፊት ሰጥተው ከሆነም 3 ወር ይሙላዎት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትሰጥም። በቅርቡ ወባ ታመው ወይም መድኃኒት ጀምረው ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

የደም ማነስ እንዳለ ለማየት ባለሙያዎቹ ጣትዎን ይወጋሉ። አንዳንድ ቦታ ጠብታዋን ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ይጥሏታል፤ ቶሎ ከሰመጠች ደምዎ ይበቃል፣ ከተንሳፈፈች ግን የዛሬው ቀርቶ ምስርና ጎመን ከሎሚ ጋር መብላት ነው። ቡናና ሻይ ብረትን ከምግብ እንዳንወስድ ስለሚያደርጉ ከማዕዱ አንድ ሰዓት ይራቁ።

መጠይቁን በእውነት ይሙሉ። ደሙ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ሆኖም አዲስ የተያዘ ሰው ምርመራ ላይ ላይታይ ይችላል። «በዚያው ልመርመር» ብሎ ደም መስጠት ነውር ብቻ ሳይሆን ለታማሚው አደጋ ነው። ምርመራ ከፈለጉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ከረጢቱ 450 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ አስቀድሞ ተለክቶ ገብቷል፤ ደሙ በጣም ካነሰ ፈሳሹ ይበዛበትና ከረጢቱ ይጣላል። ካልታመሙ በስተቀር መሃል ላይ አያቋርጡ፤ እጅዎን ጨበጥ ፈታ ያድርጉ።

መርፌው ሲወጣ ክንድዎን ሳያጥፉ ጥጡን 5 ደቂቃ ይጫኑ፤ ካጠፉት ይበልዛል። 15 ደቂቃ ተቀምጠው ጭማቂ ይጠጡ። ካዞረዎት ወዲያው ይተኙና እግርዎን ከፍ ያድርጉ። ባጃጅ ወይም ሞተር የሚነዱ ወዲያው አይነሡ፣ በዚያ ክንድም በዕለቱ ከባድ ዕቃ አያንሡ።

ከለገሱት ደም የሚለየው ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) 5 ቀን፣ ቀይ የደም ሴል ግን ወደ 35 ቀን ብቻ ይቆያል። መቶ ሰው በአንድ ቀን ከሚሰለፍ በየሳምንቱ ጥቂት ሰው ቢመጣ ይሻላል፤ በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ቀን መርጣ አትመጣምና።