የክሌብሲዬላን የዘረመል ዓይነት እንዴት እንለያለን?

በድሬዳዋ ቤተ ሙከራዎ ከታካሚ ደም ወይም ሽንት ክሌብሲዬላ የተባለውን ባክቴሪያ ካገኙ፣ አስቀድመው ከአንድ ነጠላ ኮሎኒ (ከአንድ ሕዋስ ከተራባ የባክቴሪያ ክምችት) ደግመው ያሳድጉት፤ ቅልቅል ባክቴሪያ የዲኤንኤ ንባቡን ሁሉ ያበላሻልና። ዲኤንኤውን ካወጡ በኋላ፣ የማባዣው ኢንዛይም በከተማዋ ሙቀት ያለጊዜው ሥራ እንዳይጀምር ድብልቁን በበረዶ ላይ ይዘው፣ ጋፕኤ፣ ኢንፍቢ፣ ኤምዲኤች፣ ፒጂአይ፣ ፎኢ፣ አርፒኦቢ እና ቶንቢ የተባሉትን 7 ጂኖች በፒሲአር (የዲኤንኤ ቁራጭን በሚያባዛ ዘዴ) ያባዙ።

እያንዳንዱን ቁራጭ ከሁለቱም አቅጣጫ ያስነብቡ። አንዲት የተሳሳተች ፊደል አሌሉን (የጂኑን ልዩ ቅጂ) ስለምትለውጥ፣ አጠራጣሪዋን ቦታ የንባቡ ግራፍ ላይ በዓይን ሳያረጋግጡ ማለፍ ፈጽሞ አይገባም። የ7ቱን አሌሎች ቁጥር ከፓስተር ኢንስቲትዩት የመረጃ ቋት ጋር ሲያመሳክሩ እንደ 258 ያለ የዓይነት መለያ ያገኛሉ። ይህ መለያ ዝምድናን እንጂ መድኃኒት መቋቋምን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ እንደ ኤንዲኤም ያሉ መድኃኒት የሚያስቋቁሙ ጂኖችን ለብቻ ይፈልጉ።