«ነገ ይምጡ» ለማለት የትኛውን ቃል ልጠቀም?

እናቴ ለረመዳን ዒድ ቀሚስ ልታሰፋ ደሴ ላይ ጨርቅ ሰጥታ ነበር። ቀኑ ደረሰና አብሬያት ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ሳይል «እናቴ፣ አንቱን አላደክምም፣ እጅጌው ብቻ ነው የቀረው፣ ነገ ይምጡ» አላት። በነጋታው ሄድን፣ እጅጌው አሁንም ቀርቷል። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ቡና አዘዘልን። ስንወጣ እናቴ «ዘገየ ብዬ እንዳላዝንለት፣ ይሄ ልጅ እኮ እያጓተተኝ ነው» አለች።

ልዩነቱን ያዙልኝ። «ዘገየ» ማንንም አይከስም። መብራት ጠፍቶ፣ ክር አልቆ ሊሆን ይችላል። «አጓተተ» ግን የ«ጎተተ» ዘመድ ነው፣ ነገሩን የሚጎትት ሰው አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለቢሮ ማመልከቻ ስትጽፉ በ«ጉዳዬ ዘገየብኝ» ጀምሩ። «አጓተታችሁብኝ» ካላችሁ ጠብ ጀምራችኋል፣ ፋይላችሁም ከሥር ይገባል።

ቀን ለመቀየር «አስተላለፈ» ጨዋ ቃል ነው። «ስብሰባው ለሐሙስ ተላልፏል።» አለቀ። ግን «ለ» ብላችሁ ቀኑን ካልጠራችሁ ጣጣ አለው። «ጨዋታው ተላለፈ» ብቻ ብትሉኝ በቴሌቪዥን ታየ ነው ወይስ ለሌላ ቀን ሆነ? እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ግጥሚያ አምልጦኛል።

«አራዘመ» ላይ ደግሞ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2020ው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በኮሮና ምክንያት «በአንድ ዓመት ተራዘመ» እንላለን፣ የሚጀመርበት ቀን ገፋ ማለት ነው። «ሥልጠናው ለሁለት ቀን ተራዘመ» ስንል ግን ከተጀመረ በኋላ ሁለት ቀን ተጨመረበት። ቃሉ ያው ነው፣ የሚለየው ነገሩ ተጀምሯል ወይስ ገና ነው የሚለው ነው። ምዝገባ ከሆነ «እስከ ሰኔ 30 ተራዘመ» በሉ፣ ማንም አይሳሳትም።

«በይደር ተያዘ» የስብሰባ ቋንቋ ነው። «አደረ» ውስጡ ስላለ ጉዳዩ እንግዳ ሆኖ አድሮ ነገ ይቀጥላል እንደማለት ነው፣ አንዳንዱ ግን አድሮ አድሮ ከቤተሰብ ይቆጠራል። ፍርድ ቤት ከሆነ «ተለዋጭ ቀጠሮ» ነው። «ውዝፍ» ለተጠራቀመ ግብር፣ ኪራይና ሥራ ይሆናል። «ሲንከባለል የመጣ» የሚባለው ደግሞ ከዓመት ዓመት ለሚሻገር ችግር ነው፣ ለአንድ ሳምንት መዘግየት አትጠቀሙበት፣ ያስቃል።

እኔ የምወደው «ይቆየን»ን ነው። በደጅ ስታልፉ «ኑ ቡና ጠጡ» ቢሏችሁና ብትቸኩሉ «አይ፣ አልፈልግም» አይባልም። «ይቆየን» በሉ። እምቢታ ነው፣ ግን ቡናውን ለሌላ ቀን አስቀመጣችሁት እንጂ አልገፋችሁትም። ገበያ ላይ «አቆይልኝ» ስትሉ ግን ቀን ጨምሩ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። በሰኞ ያልመጣ ሰው ሳምንት ጠብቆ ነው የሚመለሰው፣ ሻጩም ያን ያህል አይታገስም።

«መጣሁ»ስ? ሰዋስው ብታዩት ያለፈ ድርጊት ነው፣ ሰውየው ግን እየሄደ ነው የሚላችሁ። ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል። አንዱ ወዳጄ ኮምቦልቻ ቁጭ ብሎ «ደረስኩ» ይለኛል። ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፣ የሐረጎ ዳገትም አለ። ስለዚህ «ደረስኩ» ሲባል «የት?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

«ኢንሻአላህ» ወሎ ውስጥ የሙስሊሙ ብቻ አይደለም፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይሉታል። ከልብ ሲባል ደስ ይላል። ማምለጫ ሲሆን ግን የሚታወቅበት መንገድ አለ፣ ከፊቱ ቀን የለውም። «ማክሰኞ ጠዋት ኢንሻአላህ» ካለ እመኑት። «ኢንሻአላህ» ብሎ ዝም ካለ «መቼ?» በሉት። «ዛሬ ነገ ይላል» የሚባል ስም የሚወጣላችሁም ይህን ስትደጋግሙት ነው።

ትልቅ ሰው ላይ ቀጠሮ ስትቀይሩ ደግሞ «ቆይ» አይባልም፣ «ይቆዩኝ» ይሻላል። ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ አምጡት፣ ቀንና ሰዓቱን ጥሩ። ልብስ ሰፊው እንዲህ ቢል ኖሮ እናቴ መርቃው ትወጣ ነበር፦ «እናቴ፣ አንቱ ይማሩኝ፣ እጅጌው አልደረሰልኝም። ለሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ይተላለፍልኝ፣ ካልደረሰ ቀድሜ እደውላለሁ።»

ለረመዳን ዒድ የታዘዘው ቀሚስ ለአረፋ ተለበሰ።