የሄድፎን ገመድ ስትቀይሩ ደህናውን ስፒከር እንዳታቃጥሉ

ሄድፎን ተበላሸ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ወይ ስልኩ ላይ የሚሰካው ጃክ አንገት ላይ ይቆረጣል፣ ወይ ጆሮው ጋ መግቢያው ላይ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ይዞ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንዱ ጆሮ እንዲሠራለት ገመዱን በጣቱ አጣሞ ይዞ የሚጓዝ ተማሪ አይጠፋም። ገመድ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም፣ አብሽሩ። ችግሩ ገመዱን እናድናለን ብለን ስፒከሩን መግደላችን ነው።

የድሮውን ገመድ ከሥሩ መንቀል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የስፒከሩን ጀርባ ብታዩ ሁለት ጥቃቅን የሊድ (ቀልጦ ሽቦ የሚያያይዝ ብረት) ነጥቦች አሉ። ከውስጥ ከኮይሉ፣ ማለትም ከሽቦው ጥቅል፣ የሚመጣው ሽቦ እዚያው ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከፀጉር የሚቀጥን ሽቦ ነው። ነጥቡን አሙቃችሁ ገመዱን ሳብ ስታደርጉ እሱም አብሮ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ነጥቡን አትንኩት። ከድሮው ሽቦ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡና አዲሱን ከእሱ ጋር ቀጥሉት። ሙቀቱ ከስፒከሩ ራቅ ብሎ ይቀራል። ባለሙያ ሊስቅባችሁ ይችላል፤ ይሳቅ።

ከመቁረጣችሁ በፊት ግን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያው) ለኩ። ሁለቱ ነጥቦች ላይ ስትነኩ 16፣ 32 ኦም ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ቁጥር ካሳየ፣ ስፒከሩም ቀጨጭ ካለ፣ በሕይወት አለ። ጭራሽ ካላነበበ ኮይሉ ተቆርጧል። ለገመድ ብር አታውጡ።

አይረኑን (ሊድ ማቅለጫውን) ነጥቡ ላይ ማቆየት

አንዳንዴ ሽቦው ከሥሩ ተቆርጦ ይመጣና ነጥቡን መንካት ግድ ይሆናል። ያኔ ጠላታችሁ ሰዓት ነው። የስፒከሩ ገጽ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ የተያያዘውም በሙጫ ነው። ብዙዎቹ ሄድፎኖች ውስጥ ያለው የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግሞ፣ ተራው ዓይነት ከሆነ፣ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል። አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ነክታችሁ አንሱ። ካልያዘ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ እንደገና።

«እንዳላቃጥለው» ብሎ አይረኑን ቀዝቀዝ ማድረግ ብልህነት ይመስላል፤ ግን የባሰ ነው። ሊዱ አልቀልጥ ስለሚል እጃችሁ እዚያው ይቆያል፣ ሙቀቱም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ጥሩ ነው። ሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው ርካሽ አይረን የያዘ ሰው መብራቱንም ያስብበት። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል፤ አይረኑም አብሮ ይደክማል። ጠዋት ሥሩ። ሊድ ስትገዙ 60/40 የሚለውን (60 እጅ ቲን፣ 40 እጅ እርሳስ) ጠይቁ፤ 190 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። እርሳስ የሌለበት ግን ከ217 በላይ ይፈልጋል፣ ለጀማሪ እጅ ያስቸግራል።

ማግኔቱን መርሳት

የአይረኑ ጫፍ ከላይ በብረት የተለበጠ ነው። ወደ ስፒከሩ ስታስጠጉት ማግኔቱ ድንገት ይስበዋል። እጃችሁ ካልጠና ጫፉ ያላሰባችሁት ቦታ ያርፋል፣ ስሱን ፕላስቲክም ይበሳል። ፒንሳና ካቻቢቴም እንደዚያው ናቸው። ክንዳችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ፤ ስፒከሩንም እንዳይንሸራተት በሆነ ነገር ያዙት። የብረት ብናኝ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ። ማግኔቱ ውስጥ የገባ ብናኝ ዕድሜ ልኩን ይንሿሿል።

ቀለሙን እንደ ጌጥ ማየት

የሄድፎን ሽቦ ላይ ያለው ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም መሸፈኛ ቫርኒሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የመዳብ መልክ ያለውም ብዙ ጊዜ ተቀብቷል። አይረኑ ጫፍ ላይ ትንሽ ሊድ አንጠልጥሉና የሽቦውን ጫፍ ውስጡ ንከሩት። መጀመሪያ ይጨሳል፣ ከዚያ ብርማ ይሆናል። ያኔ ዝግጁ ነው። አብሮት ያለውን የክር ጭረት ቀድማችሁ ቁረጡት።

ቀዩ ብዙ ጊዜ ቀኝ ነው፤ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው ግራ፤ መዳብማው የጋራ መመለሻ። ግን ፋብሪካ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለማይሠራ በቴስተር ከጃኩ ጀምራችሁ አረጋግጡ። ሦስት ክፍል ባለው ጃክ ጫፉ ግራ፣ መሀሉ ቀኝ፣ ከሥሩ ያለው መመለሻ ነው።

በአንዱ ጆሮ ፕላስና ማይነስ ከተገለባበጠ ሄድፎኑ ይሠራል፤ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። አንድ የአምባሰል ዘፈን ክፈቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ። ዘፋኟ መሀል ግንባራችሁ ላይ መቆም ሲገባት ወደ ሁለት ጎን ተበትና ከራቀች፣ ቤዙም ከጠፋ፣ የአንዱን ጎን ሽቦዎች አቀያይሩ።

ጥቃቅኖቹ

ሽሪንኩን (ሲሞቅ የሚጠብቀውን የፕላስቲክ ቱቦ) ሽቦው ላይ ሳያጠልቁ በሊድ መቀጠል የሁሉም ሰው በሽታ ነው። ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚያግዘውን ቅባት) ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆነውን ግዙ፤ ለራዲያተር የሚሸጠው አሲድ ስላለበት ቀጭን ሽቦ ይበላል። ገመዱ ወደ ጆሮው ከገባ በኋላ ከውስጥ ቋጠሮ ይኑረው። አለበለዚያ በተሳበ ቁጥር ጭነቱ ስፒከሩ ላይ ነው።

መስኮቱን ደግሞ ክፈቱ። የደሴ ብርድ እንደማያስከፍት አውቃለሁ፤ ጋቢ ደርቡ። ጭሱ የፍላክሱ ነው፣ ሳንባ ይቆጠቁጣል። እርሳሱ የሚገባው በእጅ በኩል ነው። ስለዚህ ሳትታጠቡ ቆሎ አትዝገኑ።

ሽፋኑን ከመግጠማችሁ በፊት ዘፈኑ እየሄደ ገመዱን ወዝወዝ አድርጉት። ከተቆራረጠ አሁኑኑ አስተካክሉት፤ የአንዳንድ ሄድፎን ሽፋን በሙጫ ስለሚዘጋ ሁለተኛ ሲከፈት ይሰነጠቃል።