ዊንዶውስና ኡቡንቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ፦ ከፎርማት በፊት መታየት ያለባቸው ችግሮች

ባለፈው ክረምት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ይዛልኝ መጣች። ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አስጭናለች፤ የመመረቂያ ጽሑፏን በኡቡንቱ ከፍታ ማንበብ ትችላለች፣ አርማ ልታስቀምጥ ስትል ግን የዊንዶውስ ፋይሎች ያሉበት የዲስኩ ክፍል ለንባብ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ይመጣባታል። ያሳየችው ጥገና ቤት ዲስኩ ስለተበላሸ ፎርማት መደረግ፣ ማለትም ሁሉም ተጠርጎ እንደ አዲስ መዘጋጀት አለበት ብሏት ነበር። ዲስኩ ግን ደኅና ነበር። ሁለት ሲስተም በያዘ ኮምፒውተር ላይ የሚያጋጥመው ችግር በአብዛኛው የሚመነጨው ከዕቃ ብልሽት ሳይሆን ሁለቱ በጋራ ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች፣ ማለትም ከዲስኩ፣ ከማስነሻውና ከሰዓቱ ስለሆነ፣ ፎርማት የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን አይገባም።

የዊንዶውስ ፋይል ይነበባል፣ አይጻፍበትም

ምክንያቱ ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው ፋስት ስታርትአፕ ነው። ሻትዳውን ሲደረግ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ለመነሣት የውስጥ ሁኔታውን ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል። ኡቡንቱ በዚህ መሐል ቢጽፍበት ዊንዶውስ ሲነቃ በእጁ ያለው መረጃና ዲስኩ ላይ ያለው ስለማይገጥሙ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ፤ ስለዚህ ኡቡንቱ እንዳይጻፍበት የሚከለክለው ፋይሉን ለመጠበቅ ነው፤ በትእዛዝ አስገድዶ መጻፍንም አልመክርም።

መፍትሄው ወደ ዊንዶውስ ገብቶ በኮንትሮል ፓናል ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የማጥፊያ ቁልፎችን ተግባር የሚወስነውን ገጽ መክፈትና ከፋስት ስታርትአፕ ፊት ያለውን ምልክት ማንሣት ነው። ሳጥኑ ደብዝዞ አልነካም ካለ፣ ከላይ ያለውን የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰማያዊ ጽሑፍ ቀድሞ መጫን ያስፈልጋል። ለጊዜው ብቻ ከሆነ የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ ይዞ ሻትዳውን ማድረግ ይበቃል። ተማሪዋ ምልክቱን አንሥታ አጥፍታ ስታስነሣው ጽሑፏ እዚያው ፊቴ ተቀመጠላት።

ኮምፒውተሩ ምርጫ ሳያቀርብ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ይገባል

ኡቡንቱ አልጠፋም፤ የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ተለውጧል። እንደ አምራቹ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ተጭኖ ባዮስ ወደሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር በመግባት ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ቡት ማናጀር በላይ ማድረግ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ኡቡንቱ ጭራሽ ከሌለ፣ ዊንዶውስ ዩኢኤፍአይ በተባለው በአዲሱ የማስነሻ መንገድ፣ ኡቡንቱ ደግሞ በአሮጌው ሌጋሲ መንገድ ተጭነው እንደሆነ መጠርጠር ይገባል፤ የኡቡንቱ መጫኛ ፍላሹን በዩኢኤፍአይ አስነሥቶ ማስተካከል ያሻል።

ባዮስ ከመነካቱ በፊት ግን ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር መብራት አለመብራቱን ማረጋገጥ ግድ ነው። ባዮስ ውስጥ ያለውን ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይነሣ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ብቻ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉም የለም። ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፎ ቢትሎከርን ለጊዜው ማገድ ይቀድማል።

በግራብ ዝርዝር ውስጥ ዊንዶውስ አይታይም

ግራብ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሲስተሞችን ምርጫ የሚያቀርበው የኡቡንቱ ማስነሻ ነው፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ግራብ 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ ፕሮበር በነባሪነት ጠፍቷል። በግራብ የቅንብር ፋይል ውስጥ እርሱን የሚያግደውን መስመር ወደ «ፎልስ» ለውጦ በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ማዘዝ ይበቃል።

ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል

ብዙዎች ይህን ከኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ጋር ያምታቱታል፤ የእርሱ ልዩነት ግን ስድስት ሰዓት ነው። ኡቡንቱ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይጽፋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ቤት ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ እኛ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ ንጋት 12 ሰዓት ያሳያል። ኢንተርኔት ሲኖር ሰዓቱ ራሱን ስለሚያርም ስሕተቱ ጎልቶ የሚታየው ግንኙነት በሌለበት ነው። ባትሪ መቀየር አይረዳም፤ በኡቡንቱ ተርሚናል «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ማዘዝና አንድ ጊዜ ሰዓቱን በዊንዶውስ ማስተካከል ይበቃል።