ለኮሌጅ ሩጫ መዘጋጀት፦ አሜሪካ ሃይስኩል ለሚማሩ

የሚያስገባ የሩጫ ሰዓት እያላቸው በወረቀት የሚቀሩ ሯጮች ስላሉ ከወረቀቱ እንጀምር። በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር) ከፍተኛ እርከን፣ ዲቪዥን አንድ፣ ለመወዳደር የጸደቁ 16 ኮርሶችና በእነሱ ላይ ቢያንስ 2.3 አማካይ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ለዲቪዥን ሁለት 2.2 ይበቃል። ብዙዎችን የሚጥለው ግን ጊዜው ነው። ለዲቪዥን አንድ ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩ 7ቱ ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ። በቅርብ ከአገር ቤት የመጣችሁ፣ የጀማሪ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ የሚሰጥ) ክፍል አይቆጠርላችሁም፤ የትምህርት ቤታችሁን የጸደቁ ኮርሶች ዝርዝር ካውንስለሩን ጠይቁ። 9ኛን ኢትዮጵያ የተማረ የዚያን ዓመት ውጤት ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ ያዘጋጅ።

ለአሠልጣኝ የምትልኩት ኢሜይል አጭር ይሁን፦ ርቀት፣ ሰዓት፣ የሮጣችሁበት ውድድርና ቀን፣ የምትመረቁበት ዓመት፣ አማካይ ነጥብ። የዲቪዥን አንድ አሠልጣኞች መጻፍ የሚፈቀድላቸው 10ኛን ከጨረሳችሁ በኋላ ካለው ጁን 15 ጀምሮ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ዝም ቢሏችሁ አልፈለጉኝም አትበሉ።

ዋናው ሥራ ኮሌጅ ከመግባታችሁ በፊት ያለው ሰመር ነው። የሃይስኩሉ 5 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ኮሌጅ ሲገባ ለወንዶች አብዛኛውን ጊዜ 8፣ ለሴቶች 6 ይሆናል። ያንን የሰማ ልጅ በጁን ርቀቱን በአንዴ እጥፍ ያደርግና በኦገስት ቅልጥሙን ይዞ ይቀመጣል፤ ሳንባ ቶሎ ይለምዳል፣ አጥንት ግን ቀርፋፋ ነው። በሳምንት 35 ማይል ትሮጡ ከነበረ ከ10 እስከ 14 ቀን ዕረፉ፤ ከዚያ በ25 ጀምሩ። ሦስት ሳምንት በየሳምንቱ ከ3 እስከ 4 ማይል ጨምሩ፣ አራተኛውን ቀንሱ፣ እንደገና ጨምሩ። ረጅሙ ሩጫ ከሳምንቱ ሩብ አይለፍ። ሌላው እያወሩ የሚሮጥ ቀላል ሩጫ ይሁን። በሳምንት ሁለቴ ከሩጫው በኋላ ሣር ላይ 20 ሰከንድ በፍጥነት፣ 6 ጊዜ፣ በየመሀሉ በቂ ዕረፍት ወስዳችሁ። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ ቀን 4 ጊዜ 5 ደቂቃ ጠንከር አድርጋችሁ፣ መሀሉን 1 ደቂቃ በሶምሶማ።

ቅልጥም ላይ ሕመሙ ተዘርግቶ ከሆነ ርቀት ቀንሱ። በጣት ሲጫኑት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚያም፣ በአንድ እግር ሲዘሉም የሚብስ ከሆነ ግን ሩጫ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።

ፍልሰታ ለምትጾሙ፣ ጾሙ (ከኦገስት 7 እስከ 21) የሚውለው ርቀቱ ከፍ በሚልበት ሰሞን ነው። ጠዋት ሮጦ እስከ ቀትር ባዶ ሆድ መዋል ጡንቻን ይጎዳል፤ ሩጫውን በየቀኑ ምግብ ወደሚቀመስበት ሰዓት አስጠጉትና እንደጨረሳችሁ ብሉ። ምስርና ሽምብራ ላይ ሎሚ ወይም ቲማቲም ጨምሩ፣ ብረቱ በደንብ እንዲገባ። ሻይና ቡናው ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ። በተለይ ሴት ሯጮች በጁላይ ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ የደም ምርመራ) ተመርመሩ፤ የብረት እንክብል ያለ ምርመራ አይዋጥም፣ ሲበዛ ይጎዳል።