የውጭ ግድግዳ እጥበት በጎንደር፦ ከምልክቱ ተነስቶ መፍትሄውን ማግኘት

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ብቅ ሲል የግድግዳ ጉድ ይወጣል። ከታች የጭቃ ፍንጥቅጣቂ፣ ከቆርቆሮው ስር የዝገት መስመር፣ በጓሮ በኩል አረንጓዴና ጥቁር ነገር። ጎንደር ላይ ደግሞ ለጥምቀት ቤቱን ማሰማመር የማይፈልግ ሰው የለም። «የላቫጆ ፓምፕ አምጥተን ጥርግ እናድርገው» የሚል ሰውም አይጠፋም። እባካችሁ ትንሽ ቆዩ። የውጭ ግድግዳን በአብዛኛው የሚያበላሸው ውሃ ነው። ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሌላ ውሃ በኃይል ሲረጩበት ችግሩ ወደ ውስጥ ይገባል።

ስታጥቡት ልስኑ ይለሰልሳል ወይም እየተላጠ ይወርዳል

ወዲያው አቁሙ። እየወረደ ያለው ቆሻሻው ብቻ አይደለም፣ ግድግዳው ራሱ ነው።

ከተማችን ውስጥ ብዙ ዓይነት ግድግዳ አለ። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ አለ፣ በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ አለ፣ የድንጋይ አለ። ፒያሳ አካባቢ ደግሞ ከጣሊያን ጊዜ የቀሩ ልስን ቤቶች አሉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት አስተጣጠብ አይሠራም። በተለይ የጭቃ ቤት ላዩን በስሱ ሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ከብሎኬት ቤት አይለይም። አንዲት ስንጥቅ ካለች ግን ውሃው በዚያች ገብቶ ውስጥ ያለውን ጭቃና ጭድ ያሟሟዋል። ላዩ ቆሞ ውስጡ ይፈርሳል።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። በማይታይ ጥግ በቁልፍ ጫፍ ትንሽ ጫር አድርጉት። በቀላሉ ዱቄት ከሆነ ጭቃ ወይም ኖራ ነው፤ ጠንክሮ ጭረት ብቻ ከቀረበት ላዩ ሲሚንቶ ነው። ከዚያ በጣታችሁ አንጓ እያንኳኳችሁ ግድግዳውን ተከተሉ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ልስኑ ከግድግዳው ተላቋል ማለት ነው። እዚያ ላይ ውሃ አይነካም፣ መጀመሪያ ይጠገናል።

የጭቃ ግድግዳ አይታጠብም። በደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ማራገፍ፣ የተበላውን በጭቃና በጭድ መምረግ ነው መፍትሄው። ኖራ የተቀባም እንዲሁ ነው፤ ተፈትጎ ከመላጥ በስተቀር አይጸዳም። አቧራውን ጠርጎ እንደገና ኖራ መቀባት ይሻላል። ጤነኛ የሲሚንቶ ልስን ደግሞ ባልዲ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶውን ግድግዳ ላይ ማራገፍም አያስፈልግም። ፓምፕ የግድ ከሆነ ውሃውን በሰፊው የሚበትነውን አፍ ግጠሙ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ውሃውን ከላይ ወደ ታች አዘንብሉት። ከታች ወደ ላይ የተረጨ ውሃ በቆርቆሮው ክፈፍ ስር ገብቶ ኮርኒሱን ያበላሻል።

በድንጋዩ መሃል ያለው ማያያዣ ይረግፋል

የድሮ ድንጋይ ቤት ከሆነ ማያያዣው ኖራ ሊሆን ይችላል። ኖራ ውሃ ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። በፓምፕ ከተመታ ግን ይታጠባል። ያኔ ብዙ ግንበኛ ቶሎ ብሎ በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ይህ ነገር ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ትምህርቱ አጠገባችን ነው ያለው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የፋሲል ግቢ ቤተ መንግሥቶች በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር። በኋላ በተሠራው እድሳት ያ ሲሚንቶ እየወጣ በኖራ ተተክቷል። ሲሚንቶ እርጥበቱን ስለሚያፍነው ውሃው መውጫ ሲያጣ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ይበላል። በኖራ የተሠራን ግንብ በኖራ የሚሞላ ግንበኛ ፈልጉ። የድንጋዩን ሽበት፣ ላዩ ላይ የበቀለውን ግራጫ ነገር፣ በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፤ የሚቀረው የሽቦ ብናኝ ዝጎ ሌላ እድፍ ያመጣል። የጭራ ወይም የፕላስቲክ ብሩሽና ውሃ ይበቃል። ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ከሆነ ግን ሳትነኩት መጀመሪያ የቅርስ ባለሙያ ይየው።

ጥላ በሆነው በኩል አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ አለ

ጥቁሩ ሻጋታ ይሁን ጥቀርሻ ለማወቅ አንድ ጠብታ በረኪና አድርጉበትና ደቂቃ ያህል ተመልከቱት። ከነጣ ሻጋታ ነው። እንደነበረ ከቀረ የጭስ ጥቀርሻ ወይም የመንገድ አቧራ ነው፣ እሱን ሳሙና ያስለቅቀዋል።

የሻጋታ ምክንያቱ ፀሐይና ንፋስ ማጣት ነው። ግድግዳ ላይ የተደገፈ እንጨት፣ የተጠጋ ተክል፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ መጀመሪያ እሱን አንሱ። ከዚያ 1 ሊትር በረኪና በ5 ሊትር ውሃ በጥብጡ። አጠገቡ ያለውን አትክልት በንጹህ ውሃ አርጥቡት። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ልጆችንና ዶሮዎችን አርቁ። በብሩሽ ቀቡት፣ 10 ደቂቃ ያህል ተዉት፣ እንዳይደርቅባችሁ ተጠንቀቁ፣ በደንብ አለቅልቁት። አትክልቱንም በመጨረሻ ደግማችሁ አጠጡት። በጀርባ መርጫ መርጨት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጭጋጉ ዓይንና ሳንባ ውስጥ ይገባል። ፀረ ተባይ የነበረበት መርጫማ ጨርሶ አይሞከርም።

አሁን የምለውን በደንብ ያዙልኝ። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ። ወዲያው ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሰው ይገድላል። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ ሲደባለቁ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚለው አስተሳሰብ አደገኛ ነው። ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው አለ። መንገደኛ የሚሸናበት የአጥር ጥግ ላይ በረኪና በቀጥታ ማፍሰስም መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽንት አሞኒያ ስላለው ነው። እዚያ ጥግ ላይ መጀመሪያ ብዙ ውሃና ሳሙና፣ ሲለቀለቅና ሲደርቅ ብቻ በረኪና። ስትሠሩ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ከመጣ ዕቃውን ጥላችሁ ንፋስ ወዳለበት ሂዱ።

ቡናማ የዝገት መስመር ከቆርቆሮው ወርዷል

እዚህ ላይ በረኪና አይሠራም፣ ጭራሽ ዝገቱን ያባብሰዋል። የሎሚ ጭማቂ ቀብታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ በብሩሽ ፈትጉና አለቅልቁ። ኖራና ድንጋይ ላይ ግን ሎሚም አትሞክሩ፣ ይበላዋል። ምስማሩ ወይም አሸንዳው ካልተቀየረ በሚቀጥለው ክረምት መስመሩ ተመልሶ ይመጣል።

ከውሃ ልኩ (ከመሠረቱ ጫፍ) በላይ ጭቃ ተረጭቷል

እርጥብ ጭቃ አይታሸም፣ ቀለሙ ውስጥ ይገባል። ይድረቅ፣ በደረቅ ብሩሽ ይርገፍ፣ የቀረው በሳሙና ይታጠብ። አሸንዳ ግጠሙ፤ ጠብታው የሚያርፍበት መሬት ላይም ጠጠር አልብሱ። ጠጠር ላይ የወደቀ ውሃ ጭቃ አያስነሳም።

ታጥቦ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ወጣ

ጨው ነው። ውሃ ከውስጥ ይዞት ወጥቶ እሱ ተንኖ ጨው ቀርቷል። እንደገና ማጠብ ጨውን መልሶ ያስገባዋል። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፣ ከዚያ የሚያፈስ ቧንቧ ወይም በግድግዳው ስር የሚያቁር ውሃ ፈልጉ። ዘይት ቀለም ቀብቶ መሸፈን ደግሞ ቀለሙ እንዲያብጥና እንዲላጥ ያደርጋል።

ቀለሙ በእጅ ይለቃል፣ ሲታጠብም መስመር መስመር ይሠራል

በእጅ የሚለቀው ፀሐይ የበላው ቀለም ነው፤ ታጥቦ ይቀባል እንጂ አይመለስም። መስመሩ ግን የአስተጣጠብ ችግር ነው። ሳሙናውን ከታች ወደ ላይ ቀቡ፣ ስታለቀልቁ ከላይ ወደ ታች። ደረቅ ግድግዳ ላይ ከላይ የወረደ ሳሙና መስመሩን ይተዋል። ፀሐይ ያረፈበትን በኩል አትጀምሩ፣ ጥላውን ተከተሉ።

ቆርቆሮው ወይም የመስኮቱ ብረት ይነዝራል

ትንሽ ንዝረት ናት ብላችሁ አትለፏት። የሽቦ ልባስ ቆርቆሮ ላይ ተፍቆ ብረቱን ነክቶ ይሆናል። ብረቱን ሳትነኩ ራቁ፣ እጃችሁ ደርቆ ከሆነ ብሬከሩን አውርዱ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ጉዳቱ ከቆጣሪው በፊት ባለው መስመር ላይ ከሆነ የመብራት ኃይል ሥራ ነው። ጤነኛ ቤትም ቢሆን ከማጠባችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ፣ ቆጣሪውንና የውጭ ሶኬቱን በፕላስቲክ ሸፍኑ።

መሰላልም አለ። ኮብል ድንጋይ ላይ ሳሙና ሲፈስ ይንሸራተታል። ለ4 ሜትር ከፍታ እግሩን 1 ሜትር ከግድግዳው አርቁት፣ ሰው ይያዝላችሁ። የመብራት ሽቦ በሚያልፍበት በኩል የብረት መሰላል አታቁሙ። እኔን ብትሰሙኝ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ መሬት ላይ ቆሞ መሥራት ይሻላል።

ካጠባችሁ በኋላ የቀባችሁት ቀለም ያብጣል

ግድግዳው ሳይደርቅ ተቀብቷል። ከመቀባታችሁ በፊት ፌስታል ቀድዳችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉና አሳድሩት። ጠዋት ከስሩ ጠል ከያዘ ወይም ግድግዳው ከጠቆረ አትቀቡ። ጥቂት ቀን ፀሐይ ይምታውና ደግማችሁ ለጥፉ።