ልጆቻችን ግፍ ሲያዩ ዝም እንዳይሉ እንዴት እናስተምራቸው?

የአዲስ አበባ ልጅ ስለ ነጻነት ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ይበቃዋል። ትምህርቱ የሚጀመረው ግን ከቤት ነው። ቤት ውስጥ "አፍህን ዝጋ" እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ውጭ ወጥቶ ግፍን "ተው" ይላል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

1. መጀመሪያ "ለምን?" እንዲል ፍቀዱለት

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" እየተባልን ነው ያደግነው። ይህን ለልጆቻችን አናውርስ። ታናሽ እህቱ ያጠፋችው በእሱ ተላክኮ "እኔ አይደለሁም!" ሲል፣ የያዛችሁትን ሥራ አስቀምጡና ጨርሶ እንዲናገር ተዉት። ከዚያ ውሳኔያችሁን ከነምክንያቱ ንገሩት። ሁልጊዜ እሱ ይርታ ማለት አይደለም። "መሽቷል፣ ተኛ" መባል ግፍ እንዳልሆነም መለየት አለበት።

ዱላ ደግሞ ይቅር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጹን አብራችሁ አንብቡት። አጭር ነው፤ ትንሽ ከፍ ያለ ልጅ ይገባዋል።

2. አንድ ቅዳሜ ጠዋት በእግር ውሰዱት

ከማዘጋጃ ቤት አጠገብ፣ ከአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ጀምሩ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ አልሰብክም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ታሪኩን ካወራችሁት በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ "እሺ ቢሉ ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር?" መልሱን ራሱ ያምጣው።

የምኒልክ ሐውልትና በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የአድዋ ሙዚየም እዚያው ቅርብ ናቸው። አድዋን ትምህርት ቤት ስለሚነግሩት ብዙ አትቆዩ። አራት ኪሎ ስትደርሱ ሐውልቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ለተመለሰው ነጻነት መታሰቢያ መሆኑን ንገሩትና ቀጥሉ።

ጊዜያችሁን ለስድስት ኪሎ አቆዩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሰው ሰብስቦ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ጣሊያኖቹ ለምጽዋት የመጣውን ሕዝብ በጥይት ቆሉት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማውን እየዞሩ ሰው ገደሉ፤ ቤት ከነሰዉ አቃጠሉ። አደባባዩ ላይ ባለው የሰማዕታቱ ሐውልት የተቀረጹትን ምስሎች ልጁ ቀስ ብሎ ይያቸው። "እነሱ ምን አጠፉ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። "ምንም" በሉት። አታለሳልሱት።

ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። ግቢው ውስጥ፣ ሙዚየሙ ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶቹ የሠሩት የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት በደረጃ ለመቁጠር ነው። ከድል በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። አንበሳው ለምን እዚያ እንደወጣ ልጁ ይገምት።

መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም፣ በእኔ አስተያየት፣ እስከ 14 ዓመቱ አቆዩት። ምስሉም አጽሙም ለትንሽ ልጅ ይከብዳል። ዕድሜው ሲደርስ ግን አትለፉት። ግፍ ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ከመሰለው ትምህርቱ ጎደሎ ነው።

3. የሚናገረውን አፉ ላይ አስለምዱት

ልጅ ግፍ ሲያይ ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ቃል ጠፍቶት ነው። ቤት ውስጥ ተለማመዱ። እናንተ የሌላውን ልጅ ምሳ ዕቃ የሚቀማውን ሁኑ። እሱ "ተው፣ መልስለት" ይበል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዓይን ዓይናችሁን እያየ። ልጅቷም ትለማመድ፤ "ሴት ልጅ ድምፅዋን ዝቅ" የሚለውን እዚህ ላይ ተዉት። የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ሲሰነቅር እናንተው "ወንድሜ፣ ሰልፍ አለ" በሉ። ልጁ ከጎናችሁ ሆኖ ይሰማል።

የሚመታው ትልቅ ሰው ወይም ጉልበተኛ ከሆነ ግን አይጋፈጥ። ሮጦ ለሚያምነው አዋቂ ይንገር። "አሳባቂ" መባልን ስለሚፈሩ፣ የተጎዳን ሰው ለማዳን መናገር ማሳበቅ እንዳልሆነ ደጋግማችሁ ንገሩት።

4. የቤት ሠራተኛችሁን እንዴት እንደምትይዙ እዩ

ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው። ልጁ ስለ ነጻነት የሚማረው ጓዳ ያለችው ልጅ ስትሰደብ በሚያየው ነው። ምሳዋን መቼ ትበላለች? የዕረፍት ቀን አላት? ደሞዟ በቀኑ ይሰጣታል? ማታ ትምህርት መማር ብትፈልግ ትሄዳለች? ልጁም በስሟ ይጥራት፤ ታላቁ ከሆነች "እትዬ" ይበላት። የራሱን ሳህን ራሱ ያንሳ።

አንድ ቀን "አባዬ፣ አንተም እኮ ጮህክባት" ይላችኋል። ያኔ አትቆጡት። "ልክ ነህ" በሉትና፣ እሱ እያየ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋት።